የጓሮ ኩሬ ለዋና እንዴት ይበቃል?

ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ በጨሞጋ ወንዝ ማዶ በሚገኝ አንድ ቀበሌ፥ አጎቴ በጓሯቸው ኩሬ አላቸው። ኩሬው የተቈፈረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአገራችን ብርቱ ድርቅ ስለ ነበረ፥ በአማራም፥ በትግራይም፥ በሌሎችም ክልሎች ገበሬው የክረምቱን ውሃ በየጓሮው እንዲያጠራቅም መንግሥት ሰፊ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና የምታዘል ሕፃን ስለ ነበርሁ የማውቀው ሲወራ በመስማት ብቻ ነው። ከተቈፈሩት ኩሬዎች ብዙዎቹ የተነጠፈባቸው ፕላስቲክ እየተቀደደ፥ ውሃውንም ምድር እየጠጣው፥ ባዶ ጉድጓድ ሆነው ቀሩ። አጎቴ ግን ፕላስቲኩ በተቀደደ ጊዜ የሸክላ አፈር አስመጥተው፥ በውሃ አስቦክተው፥ በበሬ አስረግጠው ስለ መረጉት ኩሬያቸው እስከ ዛሬ ውሃ ይይዛል።

የሰፈሩ ልጆች ዋና የሚማሩት በዚሁ ኩሬ ነው። ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዳንዶቹም ቅዳሜ ቅዳሜ ሲንቦጫረቁበት ይውላሉ። ዓምና በመስከረም መጨረሻ ግን አንድ የሰባት ዓመት የጎረቤት ልጅ ጥጃ ውሃ ሊያጠጣ ሄዶ ዳርቻው አንሸራተተውና ከጥልቁ ገባ። ለመውጣት ቢፍጨረጨርም የራሰው ጭቃ መያዣ አልሰጠውም። አጎቴ ጩኸቱን ሰምተው መጫኛ ባይወረውሩለት ኖሮ ነገሩ በለቅሶ ባለቀ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ግን ውሃው እንደ አተላ የደፈረሰ መሆኑ ነው፤ ልጁ አንድ ጊዜ ቢሰምጥ የት እንዳለ የሚያየው ሰው አይኖርም ነበር።

በማግሥቱ አጎቴን አካፋ ይዘው አገኘኋቸው።

«ልደፍነው ነው። የሰው ልጅ ከሚበላ ጎመኑ ይቅርብኝ» አሉኝ።

ነገር ግን ኩሬው ቢደፈን ቀይ ሽንኩርቱና ጌሾው በበጋ ይደርቃሉ፤ ልጆቹም ዋናን አይተዉም፥ ወደ ጨሞጋ ይወርዳሉ። ከጮቄ ተራራ የሚመጣው ጨሞጋ ደግሞ በክረምት ሲሞላ ለዐዋቂም የሚያሰጋ ወንዝ ነው። ስለዚህ፥ «አንድ ዓመት ይታገሡኝ፤ ውሃውን ላጥራው፥ ዳርቻውንም ላስተካክለው» ብዬ ለመንኋቸው። አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «መቼም ተምረሃል። በዓመቱ ታቹን ካላሳየኸኝ ግን እደፍነዋለሁ» አሉ።

በረኪና ያጠራዋልን?

በመጀመሪያ ያሰብሁት እንደ ከተማ መዋኛ በረኪና ለመጨመር ነበር። ሒሳቡን ስሠራው ግን አሳቤን ለወጥሁ። ኩሬው ከላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር፥ ከታች 4 ሜትር በ4 ሜትር፥ ጥልቀቱም 2 ሜትር ነው፤ ሲሞላ 104 ሜትር ኩብ፥ ማለት 104000 ሊትር ውሃ ይይዛል። በያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲገኝ፥ ከመቶ 5 እጅ ክሎሪን ያለው በረኪና 2 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ይህም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፀሐዩና ጭቃው ቶሎ ያጠፉታል። ከዚህም በላይ በዚያው ውሃ ጥጃ ይጠጣል፥ ጎመን ይጠጣል።

አንባቢ ሆይ፥ በጎንደር ያለውን የፋሲል መዋኛ ሳታውቀው አትቀርም። ያ መዋኛ ለጥምቀት በዓል ታጥቦ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ እየዘለለ ይዋኝበታል። የሚጠራው በመድኃኒት አይደለም፤ አዲስ ውሃ ስለሚገባበት ነው። በአጎቴ ጓሮ ግን ወንዝ የለም። በክረምት የገባው ውሃ እስከ ሚያዝያ ድረስ እዚያው ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ውሃ ለማጥራት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም ከነጭራሹ ቆሻሻ ይዞ እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ከውሃው ጋር ምን ይገባል?

ወደ ኩሬ የሚገቡት ጠላቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አፈር ነው። ከእርሻ የሚወርደው ጎርፍ የሚያመጣው ደቃቅ አፈር ለሳምንታት ሳይዘቅጥ ሊንሳፈፍ ይችላል። ሁለተኛው እበትና ማዳበሪያ ነው። በእነዚህ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ጎመኑን እንደሚያሳድግ ሁሉ፥ በውሃ ውስጥ ዋቅላሚ የሚባለውን ደቃቅ አረንጓዴ ተክል ያፋፋዋል። በበጋ ኩሬው አረንጓዴ ሆኖ የሚሸተው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ከሰውና ከከብት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ልዩ ልዩ ተሐዋስያንና ጥገኛ ትሎች ከዐይነ ምድር ጋር ይገባሉ።

ሥራችንን የጀመርነው ከነዚህ ነው። ተማሪዎቼና እኔ በበጋው ቅዳሜዎች ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቈፈርን። ወደ ኩሬው እንዲገባ የፈቀድነው ውሃ አስቀድሞ በአንዲት የደለል ጉድጓድ ውስጥ ያርፋል፤ ከዚያም ሦስት ሜትር ስፋት ባለው የሣር መደብ ላይ አልፎ ይገባል። የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ ግን ጨርሶ ወደ ሌላ እንመልሰዋለን፤ በጋውን ሙሉ የተከማቸውን እበት ጠርጎ የሚመጣው እርሱ ነውና።

ከሁሉ የሚሻለው ውሃ የቆርቆሮ ጣራ ውሃ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ይሆናል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚዘንብ፥ 50 ካሬ ሜትር ካለው የአጎቴ ጣራ፥ ከመቶ 20 እጁ ባክኖ ቢቀር እንኳ፥ 52 ሜትር ኩብ ይገኛል። ይህ የኩሬው ግማሽ ነው።

በግንቦት ኩሬው በጐደለ ጊዜ የተጠራቀመውን ደለል ዝቀን ለጎመኑ መደብ አፈሰስነው። ጥጆቹም ከአጥር ውጭ በገንዳ እንዲጠጡ አደረግን።

ቄጠማው ምን ይሠራል?

በኦስትሪያ አገር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክሎሪን የሚዋኙባቸው ኩሬዎች ይሠራሉ። አንዱን ወገን ለዋና ይተዉና ሌላውን ጥልቀት የሌለውን ወገን የውሃ ተክል ይተክሉበታል፤ ተክሉ ዋቅላሚው ሊበላ የሚችለውን ምግብ ይሻማዋል። እኛም በኩሬው አንድ ጐን ጉልበት የማይደርስ መደብ ቈፍረን፥ ጠጠር አልብሰን፥ ቄጠማ ተከልንበት። ዋናው ነገር ግን መትከሉ ሳይሆን ማጨዱ ነው። ቄጠማው እዚያው ከበሰበሰ የወሰደውን መልሶ ለውሃው ይሰጣል። የአጎቴ ሚስት ለበዓልና ለቡና እያጨዱ በጐዘጐዙት ቍጥር ግን ከኩሬው ቆሻሻ እየወጣ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለቈላና ለወይና ደጋ አንባቢዎቼ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ይገኛል። የትሉ ዕንቍላል ከሰው ዐይነ ምድር ወደ ውሃ ይገባል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣል፤ ከዚያም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ደግሞ የውሃ ተክል ይወዳል። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ከፍታና ብርድ ለዚህ በሽታ የሚመች አይደለም፤ በሞቃት አገር ያለ ሰው ግን ቄጠማውን ትቶ መጸዳጃ ቤቱን ቢያጠብቅ ይሻለዋል።

«እንዶድ ብንጨምርበትስ?» ብሎ አንድ ተማሪ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ያንን ታላቅ ምርምር የጀመሩት። ነገር ግን እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል እንጂ ውሃን አያጠራም፤ ዓሣንም ይፈጃል። ስለዚህ በኩሬው ውስጥ ልብስ ማጠብን ከለከልን፤ የታጠበበትም ውሃ ወደ ዛፎቹ ሥር ይደፋል።

የነጩ ሳህን ፈተና

የዳርቻውን ነገር ቀድሞ መሥራት ይገባን ነበር። በአንድ ወገን ከላይ እስከ ታች የድንጋይ ደረጃ ሠራን፤ ከወዲያ ወዲህም ገመድ ወጠርን፤ ዙሪያውን አጠርን፤ በሩንም ዐዋቂ ሰው ከሌለ አይከፈትም።

የውሃውን ጥራት የምንለካው በነጭ ሳህን ነው። ሳህኑን በክብደት አስረን፥ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ባለው ሲባጎ ወደ ታች እናወርደዋለን። ዓምና ሳህኑ አንድ ስንዝር ሳይወርድ ይጠፋ ነበር። ዘንድሮ በኅዳር ሲወርድ ሁለተኛውን ቋጠሮ፥ ማለት 1 ሜትርን፥ አልፎ ይታይ ነበር። አጎቴ ጐንበስ ብለው ሲያዩ ቈዩና፥ «ታቹን ግን አላየሁትም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ሜትሩን ሙሉ አላጠራሁትም።

እንግዲህ ተስማማን። ዋና የተፈቀደው ሳህኑ በሚታይበት ጥልቀት ብቻ ነው፤ ጥልቁ ወገን በገመድ ተከልሏል። ብርቱ ዝናብ በዘነበ በሦስት ቀን ውስጥ፥ ውሃው አረንጓዴ በሆነም ጊዜ፥ ቍስል ያለበትም ልጅ አይገባም። የጠራ ውሃ ሁሉ ከበሽታ የነጻ አይደለምና ውሃውን መጠጣት ክልክል ነው። ሳህኑ በአጥሩ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ልብሳቸውን ሳያወልቁ በፊት ራሳቸው ይለኩበታል።

ባለፈው ቅዳሜ ሳህኑን ያወረደው ያ ዓምና ከውሃው የወጣው ልጅ ነበር። አጎቴ ከዳር ተቀምጠው ይመለከቱታል፤ መጫኛው ግን ዛሬም ከአጠገባቸው አይለይም።