ከሆዳን እስከ ለቡ

ከጅቡቲ ከተማው ሰፈር ከሆዳን ተነስቶ አዲስ አበባ በባቡር ለመግባት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን ያጣራ። የተሳፋሪ ባቡር በየቀኑ የለም፤ ፕሮግራሙም ይቀያየራል። እኔ ሻንጣ ከማሰናዳቴ በፊት ነጋድ ጣቢያ ድረስ ሄጄ እጠይቃለሁ። ጣቢያው ከከተማው በስተደቡብ፣ ከመኖሪያ ሰፈሮች ወጣ ብሎ ነው፤ ለታክሲ የሚሆን ጊዜና ፍራንክ አብሮ ይታሰብ።

መነሻውን ሲነግሩኝ ደግሞ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳላረጋግጥ አልመለስም። ጅቡቲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ የሚጠሩት ግን ለየቅል ነው። እዚህ ጠዋት 8 ሰዓት የሚባለው የእኛ 2 ሰዓት ነው። በሐበሻ ልማድ አስቦ ከምሳ በኋላ የመጣ መንገደኛ የሚያገኘው ባዶ ሐዲድ ነው። ቀኑንም በሁለቱም ካላንደር ጽፎ መያዝ ይበጃል።

መስመሩ ታሪክ አለው። ዐፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለባቡር ስለከበደ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚያ ሰበብ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው፤ ገንዘብና ፖለቲካ ለዓመታት አጓተቱት። ለገሃር የሚለው የአዲስ አበባው የድሮ ጣቢያ ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው።

ዛሬ የምንሳፈርበት ሌላ ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ቻይናውያን የሠሩት ይህ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረውም በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ነው። የተሳፋሪ ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቦ ቢሠራም ሐዲዱን ግመልና ከብት ያቋርጡታል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት ቀጠሮ መያዝ አይመከርም።

ባቡሩ አሊ ሳቢህን አልፎ በጋሊሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያዋ ደወሌ ይሻገራል። ፓስፖርት በእጅ ይያዝ፤ ከሻንጣ ሥር የተቀበረ ፓስፖርት ኬላ ላይ ያስጨንቃል። ጊዜ ላለው ሰው ድሬዳዋ ላይ አንድ ሌሊት ማደር ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል። ቀፊራ ገበያን አይቶ፣ ማታ ነፋሻ አየር ተቀብሎ፣ ቀሪውን መንገድ አርፎ መጀመር ነው። አዋሽንና መተሐራን በድካም አንቀላፍቶ ማለፍ ያሳዝናል።

ሆዳን ውስጥ መሄድህ ከተሰማ ጎረቤት ሁሉ አደራ ይዞ ይመጣል፤ አንዷ ሽቶ፣ ሌላዋ የልጅ ጫማ ታቀብላለች። ሻንጣው ሲሞላ ጋቢ ወደ ታች ይገፋል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ አደርገዋለሁ። ነጋድ ላይ ላብ እያጠበን የተሳፈርን ሰዎች ከባሕር ጠረፍ ተነስተን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለቡ ጣቢያ ስንወርድ፣ አዲስ አበባ በብርድ ነው የምትቀበለን።