የጽንሰ ሐሳብ ካርታ፦ ስለ ደቡብ ምዕራብ ቡና ያለውን ዕውቀት ለማያያዝ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ስለ ቡና የሚያጠና ተመራቂ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በመረጃ እጥረት ሳይሆን መረጃዎቹ እርስ በርስ ባለመያያዛቸው ነው። የጥላ ዛፍ በአንድ ምዕራፍ፣ የቡና በሽታ በሌላው፣ የገበሬው ገቢ በሦስተኛው ይጻፋል፤ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ግን ለአንባቢ ግምት ይተዋል። ይህን ክፍተት ከሚያጋልጡ ዘዴዎች አንዱ የጽንሰ ሐሳብ ካርታ ነው።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1972 ያዳበሩት በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቹ ናቸው። የሕፃናትን የሳይንስ ግንዛቤ ለዓመታት ሲከታተሉ የቃለ መጠይቁ ጽሑፍ እየበዛ ሄደ፤ የልጁ ግንዛቤ የት ላይ እንደተለወጠ ለይቶ ማየትም አዳገተ። መነሻ ያደረጉት የዴቪድ አውዙቤልን አስተሳሰብ ነበር፤ በዚህ አስተሳሰብ አዲስ ዕውቀት ትርጉም የሚያገኘው ተማሪው ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር ሲያያዝ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መሪ ጥያቄ ይመረጣል፤ ጽንሰ ሐሳቦች በሳጥን ይጻፋሉ፤ ሰፊው ከላይ፣ ዝርዝሩ ከታች ይሆናል፤ ሳጥኖቹ በቀስት ይገናኙና በቀስቱ ላይ አገናኝ ቃል ይሰፍራል። የዘዴው ነፍስ ይህ ቃል ነው። «ጥላ» እና «ምርት» በባዶ መስመር ቢገናኙ ማንም አይቃወምም፤ ምንም አልተባለምና። ቃል ሲጻፍበት ግን እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን የሚችል አባባል ይወጣል፤ ጸሐፊውም ይጠየቅበታል።

መሪ ጥያቄው «የጫካን ጥላ ማሳሳት ለቡና ምን ያስከትላል?» ነው እንበል። የጫካ ቡና ወደ ከፊል የጫካ ቡና ሲለወጥ ገበሬው ከላይ ቅርንጫፍ ያሳሳል፣ ከሥር ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ ብርሃን ይጨምራል፣ ምርትም ይጨምራል። ብዙ ረቂቅ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ካርታው ግን ከ«ምንጣሮ» ሌላ ቀስት እንዲወጣ ያስገድዳል፦ ከሥር የሚበቅለው የዱር ቡና ችግኝ አብሮ ይመነጠራል፤ ችግኙ ሲመናመን የዘረመል ሀብቱ ይጠብባል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የተመረጡት ከደቡብ ምዕራቡ ነባር ቡና ነበር። ስለዚህ ከ«ዘረመል ሀብት» ወደ «በሽታ መቋቋም»፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ «ምርት» የሚሄድ ተሻጋሪ ቀስት ይኖራል። አጭሩ ቀስት የሚጨምረውን ምርት ረጅሙ ያሰጋዋል። በተለያዩ ምዕራፎች ተበትኖ ቢሆን ይህ ተቃርኖ አይታይም ነበር።

«ከፍታ» የሚል ሳጥንም ያስፈልጋል። በሽታው የሚበረታው በቀዝቃዛና እርጥብ ደጋማ ስፍራ ነው፤ እንደ ቴፒና በበቃ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ጉዳቱ ያነሰ ነው። ለአንዱ ወረዳ የተሠራ ካርታ ለሌላው እንዳለ አይገለበጥም።

አንድ ስም ብዙ ሳጥን የሚሻበት ጊዜም አለ። «ጌሻ» በካፋ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ እንዲሁም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዘሩ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ተሰብስቦ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ የደረሰ የቡና ዝርያ ነው። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ያጎረ ተማሪ ስለ ስፍራው የተባለውን ለዝርያው ይሰጣል።

የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ የራሱን ጥያቄ ያነሣል። በእንግሊዝኛ ግሥ በሁለት ስሞች መካከል ስለሚገባ ቀስቱ ላይ በቀላሉ ይቀመጣል። በአማርኛ ግሥ መድረሻ ነው፤ «ጥላ ይቀንሳል ሙቀት» ብሎ የሚናገር የለም። «ጥላ የሚቀንሰው ሙቀትን ነው» የሚለው አቀማመጥ ችግሩን ይፈታል፤ ይሁን እንጂ ጥላ ከሙቀት ሌላ የሚቀንሰው ነገር የሌለ ያስመስላል። ግሡን ከሁለተኛው ሳጥን ሥር መጻፍም ይቻላል፤ ከዚያ ሳጥን ሌላ ቀስት ሲነሣ ግን ንባቡ ይምታታል። ቤንችኛ፣ ካፊኖኖና ሸኪኖኖም ግሥን ከዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ስለዚህ ከገበሬዎች ጋር ካርታ የሚሠራ ተመራማሪ ቀስቱን ከማስመሩ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በራሳቸው ቋንቋ አስነግሮ እንዳለ መመዝገብ፣ ካርታው ካለቀም በኋላ ለተናጋሪው መልሶ ማንበብ ይኖርበታል።