የእንግዳ ማረፊያ አትክልት ስፍራ፦ ከእንግሊዝ ጎጆ ደጃፍ እስከ ጅሬን ተዳፋት



በጅማና በዙሪያዋ የእንግዳ ማረፊያ ለመሥራት የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ነባሩን ቡናና እንሰት ይነቅላል፤ በምትኩም የሣር ሜዳ ያነጥፍና ዳሩን በተከረከመ የተክል አጥር ይከብባል። ይህንንም «የእንግሊዝ መልክ» ይለዋል። የዛሬው ገለጻዬ ይህ መልክ በእንግሊዝ አገር ከየት እንደ መጣ ካወቅን ቡናውን ለመንቀል ምክንያት እንደማይኖረን ለማሳየት ነው።

ከእንግሊዝ የአትክልት ስፍራ ነዳፊዎች መካከል ጎልተው የሚነሡት ገርትሩድ ጂኪል ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1843 ሲሆን ያረፉት በ1932 ነው፤ የጅሬኑ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋርም ያረፉት በዚያው ዓመት ነበር። ጂኪል ሥዕል የተማሩ ቢሆኑም የዐይናቸው ብርሃን ስለ ደከመ ወደ አትክልት ሥራ አዘነበሉ። ብዙ ትምህርት የቀሰሙት በሰሪ አውራጃ ከሚገኙ የገበሬ ጎጆዎች ደጃፍ ነው። በእነዚያ ጠባብ ግቢዎች ጎመንና ጽጌረዳ፣ የፖም ዛፍና የመድኃኒት ቅጠል ተቀላቅለው ይበቅሉ ነበር። እርሳቸው ይህን ቅይጥ ወስደው በቀለም ሥርዓት አስያዙት፤ በመንስቴድ ውድ በነበረው ረጅም መደባቸው ዳርና ዳሩ ቀዝቃዛ ቀለም፣ መካከሉ ደግሞ እንደ ፍም የቀላ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የእንግሊዝ የእንግዳ ማረፊያዎች የሚኮሩበት የአበባ ደጃፍ ከድኻ ጓሮ የተወለደ ነው። የሣር ሜዳው ደግሞ ዝናቡ በዓመቱ ወራት ሁሉ የተከፋፈለበት አገር ፍሬ ነው፤ በእኛ በጋ ግን ውኃ ካላጠጡት ይጠወልጋል። (ነገሩ ያስቃል፦ እንግሊዞች ሣሩን በደጅ ሲጠብቁ፣ እኛ ግን አጭደን ለእንግዳ ክብር በቤት ውስጥ እንጎዘጉዘዋለን።)

የጅማ ጓሮ የራሱ ንድፍ አለው። ከላይ ዋንዛ፣ ሳሳና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ፤ ሳሳና ብርብራ ከባቄላ ወገን በመሆናቸው አፈሩን በናይትሮጂን ያዳብራሉ። ከእነርሱ በታች ቡናና እንሰት፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ኮረሪማ፣ በደጃፉ ጤና አዳምና በሶብላ ይገኛሉ። ቡናው ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ከሳምንት ጥቂት አለፍ ብሎ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ያብባል፤ ሽታውም ግቢውን ይሞላዋል። አበባው በሁለት በሦስት ቀን ይረግፋል። ጂኪል ከወር እስከ ወር የሚተካካ አበባ ለማግኘት ይደክሙ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን እንግዳው ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ሲል ሊመጣ ይችላል።

የነዳፊው ድርሻ ታዲያ ምንድን ነው? መንገዱን በቡናው መካከል ጠምዘዝ አድርጎ እንግዳው ቤቱን በድንገት እንዲያገኘው ማድረግ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ የተሠራ በመሆኑ ከዚያ የሚያይ ሰው አገሩ ከታቹ ይዘረጋለታል። በዚህ ተዳፋት የሚሠራ ማረፊያም ዋንዛውን ሳይቆርጥ የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ መልምሎ ለዐይን መስኮት ይክፈት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ነዳፊዎች ዕይታን ላለመጋረድ አጥሩን በቦይ ውስጥ ይደብቁት ነበር፤ እኛም አጥሩን ከተዳፋቱ በታች ብናደርገው ያው ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ በዚያ ጥላ ሥር ይቀመጥና ከአቦል እስከ በረካ ያለው ቡና እዚያው ይጠጣ።

ጥላ ሲበዛ ግን በክረምት ክፍሉ ይጨልማል፣ ግድግዳውም ይረጥባል። ስለዚህ ከቤቱ ፊት ፀሐይ የሚያገኝ ክፍት ደጅ የግድ ያስፈልጋል፤ ልጆች የሚቦርቁበት ትንሽ ሣርም ቢኖር አልቃወምም።

ቡናው አስቀድሞ ለተነቀለበት ግቢ ደግሞ ሙዝና እንሰት ለጊዜው ጥላ ይሆናሉ። በሥራቸው የተተከለው የቡና ችግኝ ፍሬ የሚሰጠው ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ዋንዛው ግን ከዚያም በላይ ይፈልጋል።