ሞቶ የሚመለስ ጀግና፦ የልዕለ ጀግና ኮሚክ አንባቢ ምን ይወዳል? ምንስ ይጠላል?



ንግግሬን ከአንድ ጥያቄ ልጀምር። ስለ አሳዛኝ ፍጻሜ በክፍል ውስጥ እየተወያየን ሳለን አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ተመልሶ እንደሚመጣ የማውቀው ጀግና ሲሞት ለምን አዝናለሁ? ተመልሶ ሲመጣስ ለምን እናደዳለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ያነብ የነበረው የአሜሪካ የልዕለ ጀግና ኮሚክ ነው። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለሥነ ጽሑፍ ጥናት እንደማይመጥን ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ጥያቄውን በቁም ነገር ለመያዝ ወራት ፈጅቶብኛል። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

አስቀድሜ የዘርፉን ጠባይ ላስቀምጥ። በጄሪ ሲግልና በጆ ሹስተር የተፈጠረው ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1938 ነው፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ባትማን በ1939፣ ስፓይደርማን በ1962 ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ተፈራርቀዋል፤ ገፀ ባሕርያቱ ግን የአሳታሚዎች ንብረት ስለሆኑ፣ ደራሲው ሥራውን ቢለቅም በሞት ቢለይም ታሪኩ ይቀጥላል። ልቦለድ የሚያልቅበት ገጽ አለው። ይህኛው ተረክ ግን ከመነሻው እንዳያልቅ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ኢጣሊያዊው ሊቅ ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ስለ ሱፐርማን በጻፈው ድርሰት ይህን እንቆቅልሽ መርምሮታል። የጥንቱ አፈ ታሪክ ጀግና ታሪኩ አስቀድሞ ያለቀና የታወቀ ነው፤ የልቦለድ ገፀ ባሕርይ ግን በዓይናችን ፊት ይኖራል፣ ይለወጣል፣ ያረጃል። ሱፐርማን ሁለቱንም መሆን ይጠበቅበታል። አንድ ነገር በፈጸመ ቁጥር ወደ ሞቱ አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ እንዳይጠጋ ከተፈለገ ደግሞ ጊዜው ራሱ መደብዘዝ፣ ትናንትና ዛሬ መደባለቅ ይኖርባቸዋል። እኔ ዛሬ ይህንኑ እንቆቅልሽ ከአንባቢው ወገን ሆኜ ልየው እወዳለሁ።

አንባቢው ምን ይወዳል? ዘርፉን በሩቅ የሚያውቁ ሰዎች፣ ጡንቻና በራሪ ካባ ነው ይላሉ። የስፓይደርማን ታሪክ ግን ሌላ ይነግረናል። ጭምብሉን ሲያወልቅ ገንዘብ የሚቸግረውና ስለ አክስቱ ጤና የሚጨነቅ ፒተር ፓርከር የሚባል ወጣት ነው። ኃይሉን ባገኘ ሰሞን ሊያቆመው ይችል የነበረን ሌባ፣ የእኔ ጉዳይ አይደለም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ያው ሌባ በኋላ አጎቱን ይገድላል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የዚያች የቸልተኝነት ቅጽበት ዕዳ ነው። አንባቢ የሚወደው እንግዲህ ኃይሉን ብቻ አይደለም፤ ኃይል ያለው ሰው እንኳ ከሥራው ውጤት አለማምለጡን ነው።

ሁለተኛው ደስታ የማስታወስ ደስታ ነው። በ1973 የታተመው የስፓይደርማን 121ኛ ዕትም ለዚህ ማስረጃ ይሆነናል። በጄሪ ኮንዌይ ተጽፎ በጊል ኬን በተሣለው በዚህ ዕትም፣ ግሪን ጎብሊን የተባለው ጠላት የፒተርን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ከድልድይ ላይ ይጥላታል። ስፓይደርማን ድሩን ወርውሮ ይይዛታል፤ ግን ሞታለች። በሥዕሉ ላይ አንገቷ አጠገብ ስብራትን የምታመለክት አንዲት ትንሽ የድምፅ ቃል ተጽፋለች። የገደላት መውደቋ ሳይሆን ሊያድናት የሰነዘረው ድር ድንገት ማቆሙ ይሆን? ብዙ አንባቢያን ተቆጡ። ሆኖም ሞቷ ለአሠርት ዓመታት ሳይሻር ኖረ፤ ፒተርም በኋለኞቹ ዕትሞች ሁሉ ያንን ድልድይ ተሸክሞት ሄደ። ያን ጊዜ የተቆጣው አንባቢ ይህን ዕትም ከዘርፉ ታላላቅ ሥራዎች መካከል ቆጠረው። ቁጣና ቅሬታ አንድ አይደሉም፤ አንባቢው የተቆጣው ስለተጎዳ ነበር እንጂ ስለተታለለ አልነበረም።

ከዚህ ተነሥተን አንባቢው ወደሚጠላው እንሻገር። በ1992 መጨረሻ ሱፐርማን ሞተ። የአሟሟቱ አቀራረብ ብልሃት ነበረው፤ ወደ ሞቱ በሚያመሩት ተከታታይ ዕትሞች በየገጹ ያለው የሥዕል ብዛት ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት ወርዶ፣ በመጨረሻው ዕትም እያንዳንዱን ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ሞላው። የአንባቢው ትንፋሽ እያጠረ እንዲሄድ የተደረገ ነው። ቅጂው በሚሊዮኖች ተሸጠ። ከዚያ በ1993 ሱፐርማን ተመለሰ።

በዚያ አንድ ጊዜ ብዙው አንባቢ ይቅርታ አድርጎ ይሆናል። ችግሩ፣ አሳታሚዎች ሞት እንደሚያሸጥ መማራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ጀግና በሞተ ቁጥር አንባቢው ከማልቀሱ በፊት የመመለሻውን ወር መገመት ጀመረ። ሞት ማስታወቂያ ሲሆን ዋጋ የሚያጣው ሞት ብቻ አይደለም፤ አደጋ፣ መሥዋዕትነት፣ ጀግንነት ሁሉ አብረው ይረክሳሉ። የማይሞት ሰው ነፍሱን አሳልፎ ሰጠ ቢባል ምን ሰጠ?

ከመመለስ የባሰ ግን አለ፤ እርሱም መሰረዝ ነው። ፒተር ፓርከር በ1987 ሜሪ ጄን ከተባለች ወዳጁ ጋር ተጋባ። ሃያ ዓመት ያህል ባልና ሚስት ሆነው ከኖሩ በኋላ፣ በ2007 በወጣ ታሪክ፣ በጥይት የቆሰለችውን አክስቱን ለማዳን ሲሉ ከአንድ ጋኔን ጋር ተዋዋሉ፤ ዋጋውም ጋብቻቸው እንዳልነበረ ሆኖ ከሰው ሁሉ መታሰቢያ መጥፋት ነበር። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ በአንባቢያን ዘንድ በመራራነት ይነሣል። ቢፋቱ ኖሮ ያሳዝን ነበር፤ አንዳቸው ቢሞቱም ያሳዝን ነበር። ፍቺም ሞትም ግን ጋብቻው እንደነበረ ይመሰክራሉ። ስረዛው ግን ባለታሪኮቹ እንዲረሱ አድርጎ የሚያስታውሰውን አንባቢ ብቻውን አስቀረው።

እዚህ ላይ ለአሳታሚዎቹም መከራከር ይገባል። የአሠርት ዓመታት ትውስታ ለነባሩ አንባቢ ሀብት ቢሆንም ለአዲሱ ሸክም ነው። አንድን ታሪክ ለመረዳት ያላነበባቸውን መቶ ዕትሞች ማወቅ፣ በአንዱ መጽሔት የተጀመረውን ለመጨረስ ሌሎች አምስት መጽሔቶችን መግዛት ሲኖርበት፣ ገና ከደጁ ይመለሳል። በ1985 ማርቭ ዎልፍማንና ጆርጅ ፔሬዝ በዐሥራ ሁለት ዕትሞች የዲሲን ዓለማት አንድ ላይ ያጠፏቸውና ያዋሐዷቸው ይህን ሸክም ለማቃለል ነበር። ከዚያው ሥራ ግን የተሻለ መንገድም ይታያል። ፍላሽ የተባለው ባሪ አለን በዚያ ታሪክ ውስጥ ዓለምን ለማዳን ሲሮጥ ይሞታል፤ ረዳቱ የነበረው ዋሊ ዌስት ስሙንና ልብሱን ይወርሳል። ባሪ እስከ 2008 አልተመለሰም። በእነዚያ ዓመታት አዲሱ አንባቢ አዲስ ጀግና አገኘ፤ ነባሩም ደቀ መዝሙር መምህር ሲሆን አየ። መታደስ በውርስም ይመጣል ማለት ነው።

መመለስም ቢሆን ሁልጊዜ አይጠላም። በ1988 አሳታሚው የባትማንን ረዳት የጄሰን ቶድን ዕጣ ለአንባቢያን ሰጠ፤ ሁለት የስልክ ቁጥሮች ታተሙ፣ አንዱ ለሕይወት፣ ሌላው ለሞት። 5,343 ጥሪዎች ለሞቱ፣ 5,271 ደግሞ ለሕይወቱ ተቆጠሩ። በ72 ድምፅ ብልጫ ልጁ በጆከር እጅ ሞተ። ጄሰን በ2005 ተመለሰ። የተመለሰበት ምክንያት፣ ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ ኃያል እውነታን የሚከብበውን ግድግዳ በቡጢ መምታቱ ነው ተባለ፤ አንባቢው ሣቀበት። ታሪኩን ግን ወደደው። የተመለሰው ልጅ አሳዳጊውን የሚጠይቀው ጥያቄ ነበረውና፦ ገዳዬ እስከ ዛሬ ስለምን በሕይወት አለ? ይህ መመለስ ሞቱን አልሻረም፤ እንዲያውም ሞቱ የታሪኩ ሁሉ መነሻ ሆነ።

በዚህ ነጥብ ላይ ወደ ራሳችን ሥነ ጽሑፍ መለስ ብዬ አንድ ነገር ላነጻጽር። አንዱ የእምነት፣ ሌላው የመዝናኛ ጽሑፍ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ የማነጻጽረው የትረካ አወቃቀርን ብቻ ነው። በግእዝ የገድል ጽሑፍ የቅዱሱ ልደት፣ ተጋድሎ፣ ኪዳንና ዕረፍት በቅደም ተከተል ይነገራል። ዕረፍቱ ከተነገረ በኋላ ብዙ ጊዜ ተአምሩ ይከተላል። ሕይወቱ ተዘግቷል፤ ተአምሩ ግን ክፍት ነው። በየዘመኑ አዲስ ተአምር ሊጨመር ይችላል፤ የተጨመረው ግን ተጋድሎውን አይሰርዝም፣ ዕረፍቱንም አይሽርም። በዚህ አወቃቀር የማያልቅ ታሪክና የማይሻር ሕይወት አብረው ሊኖሩ ችለዋል። የልዕለ ጀግናው ኮሚክ ግን ሁለቱንም በሮች ክፍት ሊያደርግ ይሞክራል፤ ተአምሩ እንዳያልቅ ብሎ ሕይወቱንም እንዳይዘጋ ያደርገዋል። የአንባቢው ቅሬታ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

ይህ ጉዳይ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም። ከ2018 ጀምሮ በኢታን ኮሚክስ የታተመው «ጀምበር» ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግናን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አቅርቧል። ከእናንተ መካከል ብዕርና ብሩሽ የሚያነሣ ይኖራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጀግናችሁ ምን ያህል ኃያል ይሁን ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት፣ ያደረገውና የደረሰበት ነገር በሚቀጥለው ክፍል እንዳለ ይቆይ እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ለተማሪዬ መልሴን ልስጥ። ጀግናው ሲሞት የምታዝነው፣ በዚያች ገጽ ላይ ኀዘኑ እውነተኛ ስለሆነ ነው፤ የቀሩት ሰዎች ያለቅሳሉ፣ አንተም ከእነርሱ ጋር ለቅሶ ተቀምጠሃል። ሲመለስ የምትናደደው ደግሞ በሕይወት መኖሩን ጠልተህ አይደለም። ለቅሶ የተቀመጥህበትን ቀን አልነበረም ስላሉህ ነው።

 ጥያቄ ያለው መድረኩ ክፍት ነው።