የሞተር ሳይክል ባትሪ መሙያ እንዴት ይመረጣል?

በከሚሴ፣ በሰንበቴ፣ በጨፋ ሮቢትና በባቲ፣ እንዲሁም በየገጠር ቀበሌው በቡድን ተሰብስባችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። የዛሬው ንባባችን ከመጽሐፍ አይደለም፤ በሞተር ሳይክል ባትሪ ጎን ላይ ከተጻፈው ነው።

ከአዲስ አበባ ደሴ ከሚወስደው ዋና መንገድ ወጣ ብሎ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ብዙ ነው። እዚያ ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ እሁድ ወደ ሰንበቴ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያተኛ የሚያመላልስ ሞተር ሳይክል ነው። ባትሪው ሲደክም ሞተሪኖው አይዞርም፣ ክላክሱ ይታፈናል፣ ፍሬቻው ይጠፋል። ፍሬቻ ሳይኖረው በምሽት ከባድ መኪና በሚመላለስበት አስፋልት የሚታጠፍ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ለናንተ መንገር አያሻም። ታዲያ ባለሞተሩ ምን ያደርጋል? «ባትሪው ሞቷል» ይልና አዲስ ይገዛል። ብዙውን ጊዜ ግን ባትሪው አልሞተም፤ ተርቦ ነው።

እንዴት ይራባል ብትሉ፣ ሞተሩ አጫጭር መንገድ ብቻ ሲሄድ፣ ወይም ክረምት ጭቃው አላስወጣ ብሎት ለሳምንታት ሲቆም ነው። ባትሪ ዝም ብሎ ተቀምጦም ኃይሉን በጥቂት በጥቂቱ ያጣል፤ እንደኛ ባለ ሞቃት ቆላ ደግሞ ይፈጥናል። ባዶውን ሲቆይ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ነጭ ጨው መሰል ነገር ይጋገራል። ያ ከጠነከረ በኋላ መሙያው ምንም ቢሠራ አይመልሰውም። ስለዚህ የተራበ ባትሪ ቶሎ መሞላት አለበት።

አሁን ወደ ንባባችን። በባትሪው ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ። አንደኛው 12 ነው፤ ከኋላው ቪ የምትባለው የፈረንጅ ፊደል አለች፤ ቮልት ማለት ነው። በጣም አሮጌ ሞተሮች ላይ 6 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው 5፣ 7 ወይም 9 ወይም እዚያው አካባቢ ነው፤ ከኋላው ኤ እና ኤች የሚባሉ ሁለት ፊደሎች አሉ፤ አምፔር ሰዓት ይባላል። ቮልቱን የውሃ ግፊት፣ አምፔር ሰዓቱን የእንስራው ስፋት አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ባትሪ መሙያው ላይም ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። ኢንፑት የሚለው ከግድግዳው ሶኬት የሚገባው ስለሆነ 220 የሚል ቁጥር ይይዛል። አውትፑት የሚለው ወደ ባትሪው የሚወጣው ነው። መመረጥ ያለበት በዚህ በሁለተኛው መስመር ነው፤ ሻጩም ቢሆን አንዳንዴ የሚያነብላችሁ የመጀመሪያውን ነው! አውትፑቱ 12 ቮልት ይበል፤ አምፔሩም ከባትሪው አምፔር ሰዓት ላይ አንድ አሥረኛው አካባቢ ይሁን። ባትሪው 7 ከሆነ 7 ሲካፈል ለ10፣ ዜሮ ነጥብ 7 አምፔር። ባለ 1 አምፔር መሙያ ለአብዛኛው ሞተር ይስማማል። የመኪና መሙያ 10 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ለትንሽ ባትሪ በጠባብ አንገት ጠርሙስ ውስጥ በባልዲ ውሃ እንደመድፋት ነው። ባትሪው ይግላል፣ ያብጣል፣ ያበቃለታል። የስልክ ቻርጀር ደግሞ 5 ቮልት ስለሆነ ምንም አይሞላም፤ የላፕቶፑ 19 ስለሆነ ያቃጥላል። ሁለቱንም ተዉአቸው።

እሺ፣ ዋጋውስ? በገበያ ሁለት ዐይነት አለ። አንደኛው ርካሹ፣ ባትሪው ሞላ አልሞላ ሳይል መላኩን የሚቀጥል ነው። ይህን የገዛ ሰው ሰዓት መቁጠር ግዴታው ነው፤ ሰክቶ ተኝቶ ካደረ ባትሪውን ቀቅሎ ያገኘዋል። ሁለተኛው አውቶማቲክ የሚሉት ነው፤ ባትሪው 14 ቮልት ተኩል ሊደርስ ሲል ራሱ ይቀንሳል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ርካሹ እሱ ነው፤ አንድ ባትሪ ካተረፈ ያወጣችሁበትን መለሰ ማለት ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ባትሪው ጨርሶ ባዶ ከሆነ አላውቀውም ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የተበላሸው መሙያው ነው ብላችሁ አትጣሉት። አራት አምስት ባለሞተሮች አዋጥተው አንዱን ቢገዙትም ይበቃቸዋል፤ እያንዳንዱ በየቀኑ አያስፈልገውምና። መብራት በሌለበት ቀበሌ ባለ 10 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ግማሽ አምፔር ያህል ይሰጣል፤ ነገር ግን መቆጣጠሪያዋ ሳጥን በመካከል ትግባ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሂዱና ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ባትሪው ላይ በቴስተር ይለካላችሁ። ከ13 ቮልት ተኩል እስከ 14 ተኩል ካሳየ ደህና ነው። ከ12 ፈቀቅ ካላለ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ባትሪውን አይመግብም ማለት ነው። መሙያ ብትገዙ በሦስተኛው ቀን እንደገና ትቸገራላችሁ።

አሁን የምናገረውን ሴቶችም ወንዶችም ልብ በሉ። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል የማይታይ፣ የማይሸት፣ እሳት ሲያገኝ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። በዝናብና በሌባ ፍራቻ ባትሪውን ቤት አስገብቶ፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ አስቀምጦ የሚሞላ ሰው አለ። ይህ ከቶ አይደረግም! ከፈነዳ አሲዱ ዐይን ላይ ነው የሚረጨው። በረንዳ ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት፣ ሕፃን በማይደርስበት ይሁን። አሲድ ዐይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ረጅም ጊዜ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀዩን ገመድ የመደመር ምልክት ባለበት፣ ጥቁሩን የመቀነስ ምልክት ባለበት ያዙ፤ ሶኬቱን መጨረሻ ላይ ሰኩ። ሲነቀል ሶኬቱ ይቀድማል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ፣ ውሃው በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆኑን እዩ፤ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቦርከና ውሃ ምንም ቢጠራ ማዕድን አለበት። አሲድ ደግማችሁ አትጨምሩ።

ለቡድን ሥራ፦ ከመካከላችሁ ሞተር ያለው ሰው ባትሪውን ያሳያችሁ። ሁለቱን ቁጥሮች ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ የሚስማማውን አምፔር አስሉ። ባትሪው 5 አምፔር ሰዓት ሆኖ ግማሹ ቢጎድል፣ በግማሽ አምፔር መሙያ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በስሌቱ 5 ይወጣል፤ የሚባክነውን ለማካካስ ግን አንድ ሰዓት ጨምሩበት። መልሳችሁን ለአስተማሪያችሁ አሳዩ።