እግርዎን ዛሬ አይተውታል?

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ሲመጣ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ፣ ጣፋጭ ይቀንሱ» ብዬ እሸኝ ነበር። ጫማ አስወልቄ እግር ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ጥፋቴ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በጎረቤቴ ነው።

እማማ ክረምት ላይ ከሰል አጠገብ እግራቸውን ሲያሞቁ ጣታቸው ተቃጠለ። አልተሰማቸውም። በሁለተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው ካልሲው ርሶ አይታ ጠራችኝ።

«አያመኝም እኮ ሲስተር፤ ለዚች ብለሽ ሐኪም ቤት ልትወስጂኝ ነው?» አሉኝ።

የሚያስፈራው አለማመሙ ነው። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ሲበዛ የእግር ነርቭ ይደነዝዛል፤ የደም ዝውውርም ስለሚቀንስ ቁስል ቶሎ አይድንም። እማማ ትንሿን ጣታቸውን አጥተው እግራቸው ተረፈ።

አሁን ልጅቷ በየማታው ውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መሀል ታያለች። የመታጠቢያውን ውሃ ሙቀት በክርኗ ትለካለች፤ አጥባም በጣቶቹ መሀል ታደርቃለች። ቫዝሊን ለተረከዝ እንጂ ለጣት መሀል አይደለም። ጫማ ሳይራገፍ አይጠለቅም፤ አንድ ቀን ጠጠር ወድቋል። የደረቀ ቆዳ በምላጭ መቁረጥና እግርን በሙቅ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ የኖርንበት ልማድ ቢሆንም ለስኳር ሕመምተኛ አደጋ ነው፤ በዚህ አልደራደርም።

ቁስል፣ እብጠት ወይም የቀለም ለውጥ ካዩ ባያምዎትም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። «ጫማ አውልቁ» ባይባሉም ያውልቁ።

በቀደም እማማን ለቀጠሮ ሸኘኋቸው። ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ ካልሲያቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ወጣቷ ነርስ ፈገግ አለችና ጎንበስ ብላ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አየች።