ፀሐይ ወደማትጠልቅበት አገር ለመስክ ምርምር መሄድ

ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር የመስክ ምርምር ሊያደርግ የተመረጠ የሳይንስ ተማሪ ብዙ ጊዜ ዝግጅቱን የሚጀምረው ከሻንጣው ነው። መጀመር ያለበት ግን ከወረቀቱ ነው። ይህን ከስቫልባርድ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። ስቫልባርድ ከኖርዌይ በስተሰሜን፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ መካከል ያሉ ደሴቶች ስብስብ ነው። ዋናው ከተማ ሎንግየርቢየን 78ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ሲሆን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል አለው። ስለ በረዶ ግግር፣ ስለ ቀዘቀዘ አፈርና ስለ ዋልታ ዕፅዋት ለሚያጠና ተማሪ እንዲህ ያለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

በረዶው የሚቀልጠው በሰኔ አካባቢ ነው፤ መስከረም ላይ ደግሞ እንደገና መጣል ይጀምራል። ዕፅዋትን ወይም አፈርን ለሚለካ ተማሪ ያለው ጊዜ ይኸው ነው። አንድ ወረቀት ቢዘገይ ሥራው ወደሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ቪዛው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ1920 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት የተነሣ ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም፤ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ የሚሠራበት የሸንገን ክልልም አካል አይደለም። አውሮፕላኑ ግን የሚነሣው በሸንገን ውስጥ ካለችው ከዋናዋ ኖርዌይ፣ ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ በመሆኑ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ወደ ደሴቱ ሲበር ከሸንገን ወጣ ማለት ነው፤ ሲመለስ እንደገና ይገባል። ስለዚህ ቪዛው ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የሄደ ሰው መመለሻው ላይ ይቸገራል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል እስከ መጨረሻው ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የምርምር ፈቃዱ ይመጣል። አማካሪው ፕሮጀክቱን አስመዝግቦ የደሴቶቹን አስተዳዳሪ ፈቃድ ማግኘቱን ተማሪው ራሱ ይጠይቅ። እዚያ አበባ መቅጠፍ እንኳ በሕግ የተከለከለ ነው። ከ1946 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረ ማንኛውም የሰው አሻራ፣ የዛገ ምስማርም ይሁን የበሰበሰ ጣውላ፣ አይነካም።

ወላጆችን የሚያስደነግጠው የድቡ ነገር ነው። ከከተማው ክልል የሚወጣ ሰው ነጭ የዋልታ ድብን ማስፈራሪያ መያዝ ግዴታው ነው፤ ተመራማሪዎች ከዚያም በላይ ጠመንጃ ይዘው ይወጣሉ። ነፍጥ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ከመሰማራቱ በፊት የደህንነት ሥልጠና ወስዶ ዒላማ ላይ ይለማመዳል። ጥይት ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው። ድቡ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ በመሆኑ ግድያ ከተፈጸመ ምርመራ ይደረጋል። ዋናው መከላከያ አካባቢን መቃኘት፣ ርቀትን መጠበቅ፣ ድንኳን ሲተከል በየተራ ዘብ ማደር ነው። «የዘብ ተራ የሚወጣው እንዴት ነው? የሳተላይት ስልኩ ማን ጋር ነው?» ብሎ መጠየቅ ፍርሃት አይደለም፤ ጥሩ ቡድን ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል።

ልብስን በተመለከተ፣ በሐምሌ አማካይ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የሚያስቸግረው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን ነፋሱና እርጥበቱ ነው። የላዩ አፈር ሲቀልጥ ከሥሩ ያለው በረዶ ውሃውን ስለማያሳልፈው መሬቱ ይጨቀያል። የረጠበ ጥጥ ሙቀት ስለማይጠብቅ ከውስጥ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ እግር ላይ ረጅም የጎማ ቦቲ ይደረጋል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው እዚሁ አገር ቤት መለማመድን ነው። የእንጦጦ ጠዋት፣ ከተቻለም ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የባሌ ሳኔቲ አምባ፣ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ተማሪው ጓንት አድርጎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ክፈፍ መሬት ላይ ይዘርጋ፤ ዕፅዋቱን ይቁጠር፤ በእርሳስ ይመዝግብ። ቀለም በእርጥበት ይፈሳል፤ እርሳስ አይፈስም። ቅጹ ላይ የጎደለው ዓምድ፣ ጓንት ለብሶ የማይከፈተው የናሙና ዕቃ፣ በብርድ ቶሎ የሚያልቀው ባትሪ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም። የዓይን መሸፈኛ ይዞ በሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቁጥር ይሳሳታል። የጸሎትና የሶላት ሰዓት በፀሐይ መውጣትና መግባት ስለማይታወቅ የሃይማኖት አባትን ከጉዞ በፊት ማማከር ይበጃል። ሆስፒታሉ ትንሽ በመሆኑ ከባድ ሕመምተኛ ወደ ትሮምሶ በአውሮፕላን ይወሰዳል፤ የጤና ዋስትናው ፍለጋና ማዳንንም ይሸፍን እንደሆነ ውሉን ማንበብ ነው።

አንድ ነገር ሳይነጋገሩ መነሣት አይገባም። የተሰበሰበው መረጃ የማን ነው? ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊጠቀምበት ይችላል? ጥናቱ ሲታተም ስሙ ይገባል? ይህን ከአማካሪው ጋር በጽሑፍ መስማማት ያለበት ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ነው።